ስለ ሼክስፒር «ኦቴሎ» ተውኔት ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ኢያጎ አለቃውን ጄኔራል ኦቴሎን፣ ሚስትህ ዴዝዴሞና ከካሲዮ ጋር ከድታሃለች ብሎ ያሳመነው በመሃረቧ ነው ብዬ ብጽፍ ልክ ነኝ?

መልስ፦ በከፊል። መሃረቡ የተጀመረውን ይጨርሳል እንጂ አይጀምርም። ሦስተኛውን ገቢር፣ ሦስተኛ ትዕይንት በዝግታ አንብቢው። የኦቴሎ ምክትል ካሲዮ ከዴዝዴሞና ተለይቶ ሲሄድ ኢያጎ አንድ ነገር ደስ እንዳላለው አጉተምትሞ፣ ሲጠየቅ «ምንም» ይላል። ከዚያ የኦቴሎን ቃል መልሶ ያስተጋባል፤ ካሲዮ ታማኝ አይደለም ወይ ሲባል «ታማኝ?» ብሎ ዝም። ክሱን እሱ አይናገረውም፤ ኦቴሎ ራሱ ጎትቶ እንዲያወጣው ያደርጋል። ሰው ራሱ የደረሰበትን ጥርጣሬ ደግሞ በቀላሉ አይጥልም። ከቅናት ተጠንቀቅ ብሎ የሚመክረውም ኢያጎ ነው! ቅናት የሚለውን ቃል ወደ ጆሮው ያስገባው በዚያ ምክር ነው።

ጥያቄ፦ መሃረቡ ካሲዮ እጅ እንዴት ገባ? ሁሌ ይምታታብኛል።

መልስ፦ መነሻው ላይ ብዙ ሰው ይስታል። ኦቴሎ ራሱን አመመኝ ሲል ዴዝዴሞና በመሃረቧ ግንባሩን ልታስርለት ትሞክራለች፤ «ትንሽ ነው» ብሎ ሲገፋው ይወድቃል። ያስጣላት እሱ ነው። ኤሚሊያ አንስታ ለባሏ ለኢያጎ ትሰጠዋለች፤ ኢያጎ ካሲዮ ክፍል ውስጥ ይጥለዋል፤ ካሲዮ ጥልፉን እንድትገለብጥለት ለውሽማው ለቢያንካ ይሰጣታል። በአራተኛው ገቢር እሷ ተቆጥታ ስትመልስለት ኦቴሎ ተደብቆ ያያል።

ጥያቄ፦ ድራማዊ ምፀትን ስተነትን ነጥብ አጣሁ። ምን አጎደልኩ?

መልስ፦ ትርጉሙን ብቻ፣ ማለትም ተመልካቹ የሚያውቀውን ገፀ ባሕርይው አለማወቁን፣ ጽፈህ ይሆናል። ማን ያውቃል፣ ማን አያውቅም፣ በየትኛው ቅጽበት የሚለውን አሳይ። ኢያጎ በአንደኛውና በሁለተኛው ገቢር ብቻውን ሲቀር ዕቅዱን ለተመልካቹ ይነግራል። ስለዚህ ኦቴሎ «ሐቀኛው ኢያጎ» ባለ ቁጥር ተመልካቹን ያመዋል፤ እያወቀ ጮሆ ማስጠንቀቅ አይችልምና።

ጥያቄ፦ ዴዝዴሞና ለመክዳት ጊዜ ነበራት?

መልስ፦ አልነበራትም። ቆጵሮስ በደረሱ ማግስት ጥርጣሬው ይጀምራል። ግን ቢያንካ ካሲዮን ለሳምንት ጠፋህብኝ ትለዋለች። ተውኔቱ ጊዜን በሁለት ዓይነት ፍጥነት ጎን ለጎን ይቆጥራል፤ ፈጣኑ ኦቴሎ ቆም ብሎ እንዳያስብ ያዋክባል፣ ዘገምተኛው ክሱን የሚታመን ያስመስላል። ግጭቱ መድረክ ላይ ሲታይ አይታወቅም፣ ሲነበብ ነው የሚታየው።

ጥያቄ፦ የኢያጎ ምክንያት ምንድን ነው?

መልስ፦ አንዱን ብቻ አትጻፉ። የምክትልነቱ ሹመት ለካሲዮ መሰጠቱን ያነሳል፤ ሚስቴ ከኦቴሎ ጋር ትታማለች ይላል፤ በካሲዮም ይጠረጥራታል። መጨረሻ ላይ ለምን እንዳደረገው ሲጠየቅ ግን ከእንግዲህ ቃል አልተነፍስም ይላል።