ሲንጋፖር ልሄድ ነው፣ ምን ልያዝ?

ሰሞኑን ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን ጥያቄዎች ተገጣጥመው ስለ አንድ አገር ሆነዋል፤ ስለ ሲንጋፖር። አንዷ ልጇን ልታስመርቅ ነው፣ አንዱ ለንግድ፣ ሌላው ደግሞ ለሰዓታት ብቻ። ሁላችሁም የፈራችሁት ከተማውን ነው። አትፍሩት፣ ለእንግዳ ከተሠሩ ከተሞች አንዱ ነው። ሰው የሚጉላላው እዚሁ አገሩ ሳለ በሚረሳው ወረቀትና ካርድ ነው፤ ስለዚህ እሱ ላይ ብጨቀጭቃችሁ ቻሉኝ።

ጥያቄ፦ ልጄ ሲንጋፖር ስትማር ቆይታ ሐምሌ ላይ ትመረቃለች። ከአገር ወጥቼ አላውቅም፣ እንግሊዝኛዬም የድሮ ነው። ቪዛ እንዴት ነው? ብቻዬን ባቡር መሳፈር እችላለሁ? በርበሬና ቋንጣስ ልይዝላት? (እናት፣ ከደሴ ሆጤ)

መልስ፦ እትዬ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ከቪዛው ልጀምር። ሲንጋፖር አስቀድመው ቪዛ እንዲያወጡ የምታስገድዳቸው አገሮች ዝርዝር አላት፤ ኢትዮጵያ እዚያ ውስጥ የለችም። ዝርዝር ግን ይለወጣልና ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ልጅዎ የኢሚግሬሽኑን ድረ ገጽ ትይልዎት። ቪዛ አያስፈልግም ማለት ደግሞ ዝም ብሎ ይገባል ማለት አይደለም። የመጨረሻው ቃል በር ላይ ያለው መኮንን ነው፤ የመመለሻ ትኬት፣ የሚያርፉበትን አድራሻ፣ የሚበቃ ገንዘብ መያዝዎን ሊጠይቅ ይችላል። ፓስፖርትዎ ቢያንስ 6 ወር የሚቀረው ይሁን። የልጅዎን አድራሻ፣ ስልኳንና የምርቃቱን ጥሪ አሳትመው ቦርሳዎ ውስጥ ይክተቱ፤ የስልክ ባትሪ ደግሞ ማለቅ የሚወደው ልክ በዚያ ሰዓት ነው።

አሁን ሰው የሚረሳቸው ሁለቱ። አንደኛው የመግቢያ ቅጽ ነው። በኢንተርኔት ይሞላል፤ የሚደርሱበትን ቀን ጨምሮ በ3 ቀን ውስጥ መሆን አለበት፣ ከዚያ ቀደም ብሎ አይቀበልም። ነጻ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠማችሁ ውጡ፣ የመንግሥት አይደለም። ልጅዎ እዚያው ሆና ልትሞላልዎት ትችላለች። ሁለተኛው ቢጫ ካርድ ነው። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ስለምትቆጠር ከዚህ የሚሄድ ሰው የክትባቱን ማስረጃ ይጠየቃል፤ ማስረጃው ደግሞ መሥራት የሚጀምረው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ዛሬ ተከትቤ ነገ እበራለሁ አይሆንም። ደሴ ውስጥ የት እንደሚሰጥ ከአሁኑ ይጠይቁ፤ ካጡ አዲስ አበባ ቀደም ብለው መግባት ሊኖርብዎት ነው።

ለነገሩ ቀደም ብሎ መግባቱ ለሌላም ይጠቅማል። ሐምሌ ነው፣ ክረምት። ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ቢሄዱ ደመናው በረራ ሊያዘገይ ይችላል፤ በመኪና ቢሄዱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ የጣርማ በርን ጉም ደግሞ እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል። ቢያንስ አንድ ሌሊት አዲስ አበባ ይደሩ። ቲኬት ቆራጩንም በረራው መንገድ ላይ ያርፍ እንደሆነና ሻንጣው እስከ ሲንጋፖር ያልፍ እንደሆነ ጠይቀው ይለዩ።

ቋንጣውን ይተዉት። ሥጋ የሚያስገቡት ከፈቀዱላቸው አገሮች ብቻ ነው፣ እኛ የለንበትም። ለልጅዎ የሚበቃ ያህል በርበሬና ሽሮ፣ ዳቦ ቆሎም፣ በደንብ ታሽጎ ምን እንደሆነ ተጽፎበት ቢሄድ ይሻላል፤ ምንድን ነው ካሉዎትም ሳይደብቁ ይንገሯቸው። ማስቲካ ግን አንድም እንዳይኖር። ከ1992 ጀምሮ ክልክል ነው፣ ቀልድ አይደለም። መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከነካርቶኑና ከሐኪም ማዘዣው ጋር ይያዙ።

ወደ ባቡሩ ስንመጣ፣ በደንብ ይችላሉ። ቻንጊ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ የባቡር ጣቢያው ተርሚናል 2 እና 3 መካከል ነው፤ ምልክቱን ተከትሎ መውረድ ብቻ ነው። ከዚያ የሚነሳው ባቡር ከተማ ድረስ አይዘልቅም። ታናህ ሜራ የሚባል ጣቢያ ላይ ወርደው ይቀይራሉ። እዚያ ሲደርስ ሻንጣ የያዘው ሁሉ ግር ብሎ ሲወርድ ያዩታል፣ አብረው ይውረዱ። የጣቢያው በር ላይ ካርድ ያስነካሉ (የትኛውን ካርድ እንደሆነ ከታች ለነጋዴው በሰጠሁት መልስ ውስጥ አለ)፣ ይከፈታል፤ ሲወጡም እንደገና ያስነካሉ። አውቶቡስም እንደዚያው ነው፣ ሲገቡም ሲወርዱም። ሲወርዱ ካላስነኩ የሩቁን መንገድ ሒሳብ ይቆርጥብዎታል። በካርድ ከሄዱ አንድ ጉዞ ከ3 የሲንጋፖር ዶላር በታች ነው። አውቶቡሱ ላይ ረዳት የለም፣ «ወራጅ አለ!» ብሎ መጮህም የለም፤ ቁልፉን ይጫኑ፣ ይቆማል። ፌርማታ ላይ ቆመው ሲጠብቁ ግን እጅዎን ይዘርጉ፣ አለበለዚያ ሊያልፍዎት ይችላል። ባቡር ውስጥ ውኃ እንኳን አይጠጣም፤ ቅጣቱ እስከ 500 ዶላር ይደርሳል፣ የነሱ ዶላር። ባቡሩ ከንጋቱ 11፡30 ገደማ ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት አካባቢ ይሠራል። ሰዓታቸው ከእኛ 5 ሰዓት ይቀድማል።

ልብስ? ደሴ በሐምሌ ጋቢ ደርበን ነው የምንውለው። እዚያ ዓመቱን ሙሉ ቀን ላይ 31 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ወበቁ ደግሞ ከሙቀቱ ይብሳል። ስስ ልብስ ይያዙ። ነጠላዎን ግን አይተዉ፤ ባቡሩና የገበያ አዳራሹ ውስጥ ያለው ማቀዝቀዣ ያንዘፈዝፋል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ ሱቅ አለኝ፣ ዕቃ ለማየት ልሄድ ነው። ብር እንዴት ልያዝ? ሆቴሉ እሳት ነው ይባላል፤ አንድ ወዳጄ የሰው ቤት በአፕ ተከራይ አለኝ። ሐላል ምግብስ አላጣም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ወዳጅህን አትስማው። እዚያ የግል መኖሪያ ቤትን ከ3 ወር ላነሰ ጊዜ ማከራየት ሕገ ወጥ ነው። ርካሽ ማደሪያ ከፈለግህ ሊትል ኢንዲያና ቻይናታውን ሰፈር አልጋ ብቻ የሚያከራዩ ንጹሕ ቤቶች አሉ። ጠባብ ናቸው፣ ለማደር ግን ይበቃሉ።

ብሩን በተመለከተ፣ ብር ይዘህ ሄደህ እዚያ እመነዝራለሁ እንዳትል፤ ጠቅልለህ ታመጣዋለህ። ፓስፖርትና ትኬትህን ይዘህ ባንክህ ሂድና ለጉዞ የሚፈቀድልህን ምንዛሪ ውሰድ። ውጭ አገር የሚሠራ የቪዛ ወይም የማስተርካርድ ካርድ ካላቸው እሱንም ጠይቅ፤ ንክኪ ያለው ከሆነ ባቡሩም አውቶቡሱም ላይ እሱኑ ታስነካለህ፣ ለውጭ ካርድ ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ይጨምሩበታል እንጂ ሌላ ትኬት መግዛት አይጠበቅብህም። ካርድ ከሌለህ ኢዚሊንክ የሚባለውን የጉዞ ካርድ ጣቢያ ላይ ገዝተህ ገንዘብ ሙላበት። የአሜሪካ ዶላር ከያዝክ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ለመንገድ የሚበቃህን ብቻ መንዝር፤ ቀሪውን ከተማ ውስጥ፣ ለምሳሌ ሊትል ኢንዲያ ሙስጠፋ ሴንተር አካባቢ ሁለት ሦስቱን ጠይቀህ መንዝር። በነጋዴ ዓይንህ አወዳድር፣ ይህን እኔ አላስተምርህም። ሙስጠፋ ሴንተር ራሱ ከወርቅ እስከ ሻንጣ ያለበት ሱቅ ነው፣ ግማሽ ቀን ሳታስበው ይወስድብሃል። ሶኬታቸው ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው ነው፤ አዳፕተር ያዝ።

ምግቡ ላይ አታስብ። ከአገሬው ሰው ከመቶ 15 ያህሉ ሙስሊም ነው። ካምፖንግ ግላም የሱልጣን መስጊድ ያለበት ሰፈር ነው፣ ዙሪያውን ሐላል ቤት ሞልቶታል፤ ጌይላንግ ሰራይ ገበያም እንደዚያው። ሌላው ቦታ የሐላል የምስክር ወረቀት ተለጥፎ ታያለህ። ሰው በብዛት የሚበላው ሆከር ሴንተር በሚባሉት የጋራ መብል አዳራሾች ነው፤ ርካሽ ናቸው፣ ዩኔስኮም በ2020 በቅርስነት መዝግቧቸዋል። ባዶ ጠረጴዛ ላይ የሶፍት ፓኬት ተቀምጦ ብታይ የተረሳ እንዳይመስልህ፤ ቦታው ተይዟል ማለት ነው። በልተህ ስትጨርስ ትሪህን ራስህ ትመልሳለህ፣ ግዴታ ነው። (እትዬ፣ ይቺ ለእርስዎም ትሁን፤ ጾም ከሆነ ሊትል ኢንዲያ ውስጥ ሥጋ የማይገባባቸው የሕንድ ምግብ ቤቶች አሉ። ከሩዝና ከምስር ተቦክቶ የሚጋገር ዶሳ የሚባል አላቸው፤ ቀጭን እንጀራ ነው የሚመስለው። ቅቤ እንዳይቀቡበት ብቻ አስቀድመው ይንገሯቸው።)

ጥያቄ፦ ወደ አውስትራሊያ ስሄድ ሲንጋፖር 8 ሰዓት እቆያለሁ። ወጥቼ ከተማውን ማየት ይቻላል? ደግሞ ለመንገድ ትንሽ ጫት ብይዝስ? (ከደሴ ፒያሳ)

መልስ፦ ከሁለተኛው ልነሳ፤ በፍጹም! ትኩሱንም፣ ደረቁንም፣ ዱቄቱንም። በአደንዛዥ ዕፅ ሕጋቸው ሞት የሚፈርዱ ሰዎች ናቸው፣ «አገራችን ይፈቀዳል» የሚል ክርክር አይሰማም። የቦርሳህን ኪስ ሁሉ አራግፈህ ተነስ። የኤሌክትሪክ ሲጋራም ክልክል ነው፤ የተለመደው ሲጋራ ቢሆን ከአንዷ ፍሬ ጀምሮ አሳውቀህ ቀረጥ ትከፍልበታለህ።

መውጣቱን ትችላለህ፤ ግን የመግቢያ ቅጹንና ቢጫ ካርዱን አንተም ትጠየቃለህ። ከ5 ሰዓት ተኩል በላይ ለሚቆይ ተሸጋጋሪ አውሮፕላን ማረፊያው ራሱ ነጻ ጉብኝት ያዘጋጃል፤ ቦታ ሳይሞላ ቀደም ብለህ ተመዝገብ። ቆይታህ ምሽት ላይ ከዋለ ጋርደንስ ባይ ዘ ቤይ ሂድ። እስከ 50 ሜትር የሚደርሱ ከብረት የተሠሩ ዛፎች በሙዚቃ ሲበሩ ታያለህ፤ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1፡45 እና 2፡45 ላይ ነው፣ ገንዘብ አይጠየቅም። መውጣት ከሰነፍክ ከተርሚናል 1 ጎን ጁወል የሚባለው ሕንጻ ውስጥ ከጣሪያ የሚወርድ 40 ሜትር ፏፏቴ አለ። ሕንጻው ውስጥ ለመግባትም ቢሆን ኢሚግሬሽን ማለፍ አለብህ፤ ለሚቀጥለው በረራህ ከ3 ሰዓት በፊት ተመልሰህ ግባ።