«ኦፈን» እና «ዩዡዋሊ» የት ይግቡ? ከጎጃም ለመጡ የእንግሊዝኛ ጥያቄዎች መልስ

ጥያቄ ያለው ይጠይቅ ብዬ ነበር፤ ከጎጃም ጎረፈ። ብዙዎቹ ጥያቄዎች አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ብዙ ቁጥር የሆነ ስም አለ፣ ግስ አለ፣ መሃላቸው ተውሳከ ግስ (እንደ «ኦፈን» ያለ፣ ግሱን የሚያብራራ ቃል) ሊገባ ይፈልጋል። እንግሊዝኛውን እንደሚነበበው በፊደላችን ጽፌዋለሁ፤ ድምፅ እያወጣችሁ ብታነቡት ይሻላል።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ)፦ ጋሼ፣ «ፋርመርስ ዩዡዋሊ ፕላው» ነው ወይስ «ፋርመርስ ፕላው ዩዡዋሊ»? ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል።

መልስ፦ የመጀመሪያውን ያዝ። «ኦልዌይስ»፣ «ዩዡዋሊ»፣ «ኦፈን»፣ «ኔቨር» የመሳሰሉት ከዋናው ግስ በፊት ይገባሉ። ግሱ «አር» ወይም «ዌር» ከሆነ ከሱ ቀጥለው ይመጣሉ፦ «ፋርመርስ አር ዩዡዋሊ ቢዚ ኢን ጁን»። ረዳት ግስ ካለ ደግሞ ከመጀመሪያው ረዳት ቀጥሎ ነው፦ «ፋርመርስ ሃቭ ኦልሬዲ ፕላውድ»። አንተ ግን ዓረፍተ ነገሩን ስታይ ቀድመህ ተውሳከ ግሱን አትፈልግ። ግሱን ፈልግ። እሱ ከተገኘ የሌላው ቦታ አያስቸግርም።

ግሱንና ተሳቢውንም አትለያያቸው። «ቱሪስትስ ኦፈን ቪዚት ጢስ ዓባይ» ጥሩ ነው። «ቱሪስትስ ቪዚት ኦፈን ጢስ ዓባይ» አይሆንም።

ጥያቄ (ከቡሬ፣ ሱቅ የምትሠራ)፦ ጋሼ፣ ስሙ መጨረሻ ላይ ኤስ ካለ ግሱም ኤስ አይጨመርበትም? መሃል ሌላ ቃል ሲገባማ ጭራሽ ይጠፋብኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። በአማርኛ «ገበሬዎች ያርሳሉ» ስንል ብዛቱ ስሙም ላይ ግሱም ላይ ይታያል። እንግሊዝኛ ስንጽፍም እጃችን ለምዶ ሁለቱም ላይ ኤስ ይለጥፋል። የእነሱ ኤስ ግን እንደገባበት ነው። ስም ላይ ከሆነ «ብዙ ናቸው» ይላል። የአሁን ጊዜ ግስ ላይ ከሆነ «ባለቤቱ አንድ ነው» ይላል። ስለዚህ «ዘ ፋርመር ዩዡዋሊ ፕላውስ» ትያለሽ፤ ሰውዬው አንድ ነው። ሲበዙ «ዘ ፋርመርስ ዩዡዋሊ ፕላው» ይሆናል። ኤሱ ከግሱ ወርዶ ስሙ ላይ ወጣ ማለት ነው።

መሃል ያለው ቃል በዚህ ጉዳይ አያገባውም። «ዩዡዋሊ»ን በጣትሽ ሸፍኚውና ግራና ቀኙን አንብቢ። ያለሱ ልክ ከሆነ ከሱ ጋርም ልክ ነው። «ኦልዌይስ» እና «ሰምታይምስ» መጨረሻቸው ኤስ ስለሆነ ብዙ ቁጥር የሚመስሏችሁ አላችሁ። አይደሉም። ባለቤቱ አንድም ይሁን መቶ፣ እነሱ አይለወጡም።

አንድ ወጥመድ ብቻ ልጨምርልሽ፦ «ዋን ኦፍ ዘ ፋርመርስ ዩዡዋሊ ካምስ»። «ፋርመርስ» ለግሱ ቅርብ ስለሆነ «ካም» ያሰኛል። ባለቤቱ ግን ወዲያ ማዶ ያለው «ዋን» ነው። ከገበሬዎቹ አንዱ ነው የሚመጣው።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ «ካትል» (ከብት) ኤስ የለውም፤ ታዲያ አንድ ነው ብዙ?

መልስ፦ ብዙ ነው። «ካትል ኦፈን ግሬዝ ሂር» ይባላል፤ ስሙም ግሱም ባዶ። «ፒፕል» እና «ፖሊስ» እንደዚሁ ናቸው። «ሺፕ» ግን ለአንድም ለብዙም ያው ነው። አንድ በግ ይሁን መንጋ የምታውቀው ከግሱ ነው፦ «ዘ ሺፕ ኦፈን ግሬዝስ» ካለ አንዷ ናት፣ «ኦፈን ግሬዝ» ካለ መንጋው ነው።

ጥያቄ (ከሞጣ፣ መምህር)፦ ተማሪዎቼ «ዘይ ኔቨር ዶንት ካም» ይላሉ። መቶ ጊዜ አርሜ ሰለቸኝ። ከየት ነው የሚያመጡት?

መልስ፦ መምህር፣ ከቤታቸው ነው የሚያመጡት፣ ከአማርኛው። እኛ «በጭራሽ» ካልን ግሱን አሉታዊ ማድረግ ግድ ነው፦ «በጭራሽ አይመጡም»። «በጭራሽ ይመጣሉ» የሚል ሰው ሞጣ ውስጥ አይገኝም። እንግሊዝኛ ግን አሉታውን «ኔቨር» ላይ ጠቅልሎ ስለጨረሰው ግሱን አይነካውም፦ «ዘይ ኔቨር ካም»። እንደኔ እንደኔ ቀይ እስክሪብቶ ብቻውን አይበቃም። የአማርኛውንና የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ይጻፉና አሉታው የቱ ላይ እንዳለ ያስከብቧቸው። አማርኛው ላይ ክቡ ግሱ ላይ ይወድቃል፣ እንግሊዝኛው ላይ «ኔቨር» ላይ። «ሬርሊ»ም ያለ «ዶንት» ነው የሚሄደው።

«ኔቨር» ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ ሲወጣ ረዳት ግሱ ከባለቤቱ እንደሚቀድም ያውቃሉ፦ «ኔቨር ሃቭ ዘይ ሲን»። እሱን ለጊዜው አይንገሯቸው። ይሄኛው ይርጋ መጀመሪያ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)፦ «ስቱደንትስ ሁ ስተዲ ኦፈን ፓስ» ብዬ ጽፌ መምህሬ ከሥሩ አሰመረበትና የጥያቄ ምልክት አደረገበት። ስህተቱ አልታየኝም።

መልስ፦ ሰዋስዉ አልተበላሸም። ሁለት ትርጉም ስላለው ነው። «ኦፈን» በሁለት ግሶች መሃል ቆሟል። ወደ «ስተዲ» ካዞርከው፣ አዘውትረው የሚያጠኑ ተማሪዎች ያልፋሉ ማለት ነው። ወደ «ፓስ» ካዞርከው ደግሞ፣ የሚያጠኑ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ያልፋሉ። የመጀመሪያው ያዘወተረን ሁሉ አሳለፈ። ሁለተኛው ያጠናም አንዳንዴ ሊወድቅ ይችላል አለ። ጥናት ጽሑፍ ላይ ይሄ ትንሽ ልዩነት አይደለም። ስንናገር በድምፅ ቆም ብለን እንለየዋለን፣ ወረቀት ግን ድምፅ የለውም።

መፍትሔው ቃሉን ማንሳት ነው። የመጀመሪያውን ከፈለግህ «ስቱደንትስ ሁ ኦፈን ስተዲ ፓስ» በል። ሁለተኛውን ከፈለግህ «ዩዡዋሊ»ን ይዘህ መጀመሪያ ላይ አውጣው፦ «ዩዡዋሊ፣ ስቱደንትስ ሁ ስተዲ ፓስ»። ነጠላ ሰረዝ «ስተዲ» ላይ ጣል አድርጌ ልገላገል እንዳትል፤ ባለቤቱንና ግሱን ይቆርጥብሃል።

ጥያቄ (ከደጀን)፦ «የስተርደይ»ም መሃል ይገባል?

መልስ፦ አይገባም። ወይ መጀመሪያ ወይ መጨረሻ።

ጥያቄ (ከቢቸና፣ ቅኔ ቤት ቆይቶ አሁን የማታ ትምህርት የጀመረ)፦ በግዕዝ ቃሉን ወዲያና ወዲህ እያደረግን እንቀኛለን፣ ምሥጢሩ አይጠፋም። እንግሊዝኛ ለምንድን ነው እንዲህ የጠበበው?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው! ግዕዝ ተሳቢውን በቃሉ ጫፍ ያሳይሃል። «ቤት» ተሳቢ ሲሆን «ቤተ» ይላል፤ «ሐነጸ ቤተ» በል «ቤተ ሐነጸ»፣ የተሠራው ምን እንደሆነ ታውቃለህ። ጥንታዊው እንግሊዝኛም ስሞቹ ላይ እንዲህ ያለ የጫፍ ምልክት ነበረው። በመካከለኛው ዘመን አብዛኛው ረገፈ። ምልክቱ ሲጠፋ ሥራው ወደ ቦታ ተላለፈ፤ ፊት ያለው ባለቤት፣ ኋላ ያለው ተሳቢ ሆነ። ግስና ተሳቢ መሃል ሌላ ቃል ሲገባ ጆሯቸውን የሚጎረብጠውም አንዱ ምክንያት ይሄ ይመስለኛል። ተውሳከ ግስ ግን ከሌሎቹ የተሻለ ነፃነት አለው። «ሰምታይምስ» መጀመሪያም፣ መሃልም፣ መጨረሻም ይቀመጣል። ቅኔ ለለመደ ሰው ጥቂት ናት፣ ግን አለች።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ «ኦል» እና «ኢች» ከብዙ ቁጥር በኋላ ሲመጡስ?

መልስ፦ እንደ «ኦፈን» አስቀምጫቸው፦ «ዘ ገርልስ ኦል ኬም»፣ «ዘ ገርልስ አር ኦል ሂር»። «ኢች» አንድ አንድ እያለ ቢቆጥርም ግሱን አያሳንሰውም፦ «ዘ ገርልስ ኢች ሃቭ ኤ ቡክ»። ቀድሞ ከመጣ ግን ይገለበጣል፦ «ኢች ገርል ሃዝ ኤ ቡክ»።

ጥያቄ (ከእንጅባራ፣ ሥራ ፈላጊ)፦ የሥራ ማመልከቻ ላይ ስለ እኔና ጓደኞቼ «ዊ ሃርድሊ ወርክ» ብዬ ጻፍኩ። ጠንክረን እንሠራለን ለማለት ነው። ልክ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፍጠን! «ሃርድሊ» ማለት «ከስንት አንዴ፣ በጭንቅ» ነው። «ሥራ የሚባል ነገር አንነካም» ብለህ ፈርመሃል። ጠንክሮ ለሚለው ያለ «ሊ» «ሃርድ» በቂ ነው፣ ቦታውም ከግሱ በኋላ ነው፦ «ዊ ወርክ ሃርድ»። «ፋስት»ም እንዲሁ። የእናንተ አገር ፈረሶች ሲጋልቡ «ዘ ሆርስስ ራን ፋስት» እንጂ «ፋስት ራን» አይባልም። «ፋስትሊ» የሚባል ቃልማ ጨርሶ የለም። «ኩዊክሊ» ግን መሃልም መጨረሻም ይሆናል። ማመልከቻው ገና ካልገባ ዛሬውኑ አስተካክለው። ገብቶ ከሆነም ሌላ ኮፒ ይዘህ ሂድና «የተስተካከለው ይሄ ነው» ብለህ ስጥ፤ ማንም አይቆጣህም።