ሩዝ ይሰፈራል ወይስ ይመዘናል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ አንድ የምግብ አሠራር ሳነብ «300 ግራም ሩዝ ስፈሩ» ይላል። አባባሉ ጆሮዬን ጎረበጠኝ። «መዝኑ» አይደል መባል ያለበት? ደግሞ ሚዛን የለኝም፤ ያለኝ ኩባያ ነው። 300 ግራም ስንት ኩባያ ይሆናል?

መልስ፦ ጆሮዎ ልክ ነው። ግራም ይመዘናል እንጂ አይሰፈርም።

አማርኛ እዚህ ላይ ጠንቃቃ ነው። «ሰፈረ» ማለት እህሉን በዕቃ እየሞሉ መጠኑን ማወቅ ነው። ዕቃው መስፈሪያ ይባላል። «መዘነ» ደግሞ በሚዛን ክብደትን ማወቅ ነው። «ለካ» ከሁለቱም ሰፋ ይላል፤ ርዝመትም ሙቀትም ይለካል። ስለዚህ ጸሐፊው «300 ግራም ለኩ» ቢል ኖሮ ያስኬድ ነበር። «ስፍር ቁጥር የሌለው» ስንልም ያው «ሰፈረ» ነው ያለው፤ ተሰፍሮም ተቆጥሮም አያልቅም ማለታችን ነው።

ይህ የቃላት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልዎ። ድስቱ ውስጥ ይገባል። «ለ1 ሩዝ 2 ውሃ» የሚለውን የተለመደ ምክር ይውሰዱ። በስፍር ነው በሚዛን? ረጅም ፍሬ ያለው ጥሬ ነጭ ሩዝ፣ 240 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ኩባያ ሲሰፈር 185 ግራም ገደማ ይመዝናል። ውሃ ግን 1 ሚሊ ሊትሩ 1 ግራም ነው። በስፍር ከሄድን ለአንዱ ኩባያ ሩዝ 480 ሚሊ ሊትር ውሃ እንጨምራለን። በሚዛን ከሄድን 370 ብቻ። ልዩነቱ ግማሽ ኩባያ ሊሞላ ምንም አይቀረው! አንዱ ለስላሳ ሩዝ ያወጣል፤ ሌላው ጠንከር ያለ። «በስፍር» ወይም «በሚዛን» የምትል አንዲት ቃል ብትጨመር ኖሮ ግራ መጋባቱ አይኖርም ነበር።

በትምህርት ቤት አማርኛ በስፍር የሚታወቀው መጠን «ይዘት»፣ በሚዛን የሚታወቀው «ክብደት» ይባላል። ለማዕድ ቤት ግን «በስፍር» እና «በሚዛን» የሚሉትን እመርጣለሁ። «የኩባያው ይዘት» ሲባል ውስጡ ያለው ነገር ይሁን ኩባያው የሚይዘው መጠን ወዲያው አይለይም። «በስፍር» ግን ማንም ይገባዋል።

አሁን ወደ 300 ግራምዎ። በ240 ሚሊ ሊትሩ ኩባያ አንድ ተኩል አለፍ ይላል። ከሩዝ ማብሰያ ማሽን ጋር የሚመጣው ትንሹ ኩባያ ካለዎት ደግሞ ነገሩ ቀላል ነው። እሱ ብዙውን ጊዜ 180 ሚሊ ሊትር ነው፤ 150 ግራም ያህል ጥሬ ሩዝ ይይዛል። ሁለት ጊዜ ሰፍረው ጨረሱ። አጭርና ድቡልቡል ፍሬ ያለው ሩዝ በኩባያ ትንሽ ከበድ ይላል። ኩባያውን ነቅንቀው ከሞሉትም ተጨማሪ ፍሬ ይገባል። ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ግምት ይያዙት።

ሌላም አለ። በትርጉም ጽሑፎች ላይ «2 የሩዝ ኩባያዎች» የሚል እያየሁ ነው፤ በጣም ያሳስበኛል። «የሩዝ ኩባያ» ለሩዝ የተመደበ ኩባያ ነው፤ ባዶም ሊሆን ይችላል። መጠን ሲሆን «2 ኩባያ ሩዝ» ነው የምንለው። ከቁጥር በኋላ መስፈሪያው «ዎች» አይፈልግም። እንደዚሁ «1 ኩባያ የበሰለ ሩዝ» እና «1 ኩባያ ሩዝ አብስሉ» አንድ አይደሉም። የበሰለው አንድ ኩባያ 160 ግራም ገደማ ነው። አንድ ኩባያ ጥሬ ሩዝ ግን ሲበስል ወደ ሦስት ኩባያ ይጠጋል።

እኔ ብሆን ዓረፍተ ነገሩን እንዲህ አስተካክለው ነበር፦ «300 ግራም ጥሬ ሩዝ መዝኑ፤ ሚዛን ከሌለ 240 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ኩባያ አንድ ተኩል አለፍ አድርጋችሁ ስፈሩ።»