ቢላል፦ ጉሮሮ የሚያርስ ስም

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎት። ስለ ስሞች የሚጽፉትን ዓምድ ሁሌም አነባለሁ። የመጀመሪያ ልጄን ልወልድ ሁለት ወር ቀርቶኛል። ወንድ ነው ተብለናል። ባለቤቴ ቢላል እንበለው ይላል፤ እኔም ስሙን ወድጄዋለሁ። አማቴ ግን “የልጅ ልጄ በባሪያ ስም አይጠራም” ብለው ተቆጡ። አንዲት ጎረቤቴ ደግሞ ትርጉሙ “ጥቁር” ማለት ነው አለችኝ። እውነት ነው? ለመሆኑ ዛሬ ልጁን ቢላል የሚል ሰው አለ ወይስ ያረጀ ስም ነው?
(ግራ የገባኝ ነፍሰ ጡር)

መልስ፦ ልጄ፣ አላህ በሰላም ያገላግልሽ።

ከጎረቤትሽ ልጀምር። ተሳስታለች። ጥቁር በዓረብኛ “አስወድ” ነው። የሁለቱ ቃላት ሥር በአንድም ፊደል አይገናኝም።

ዓረብኛ ሳስተምር ቢላል የሚባል ተማሪ ነበረኝ። እሱም ይህንኑ ጠየቀኝ። ልጆች በስሙ ሲያበሽቁት ነው ያደገው። ከእኔ አፍ ከሚሰማው ራሱ ቢያገኘው ይሻላል ብዬ መዝገበ ቃላቱን አቀበልኩት። የዓረብኛ መዝገበ ቃላት ብዙውን ጊዜ የሚደረደረው በቃሉ ሥር ነው። ስለዚህ “ባ፣ ላም፣ ላም” የሚሉትን የቢላል ሥር ፊደላት ፈልግ አልኩት። ጣቱን እያስኬደ ያነበበው ሁሉ ስለ እርጥበት ነበር። “በለ” አራሰ ማለት ነው። “መብሉል” የራሰ። “ቢላል” ደግሞ ጉሮሮ የሚርስበት ውሃ ወይም ወተት። ልጁ መጽሐፉን ሳይዘጋው ብዙ ቆየ። ያን ቀን አልረሳውም።

የጥንት ዓረቦች “በአቁማዳህ ውስጥ ቢላል የለም” ይሉ ነበር። ጠብታ ውሃ አልቀረህም ማለታቸው ነው። በረሃ ለሚያቋርጥ ሰው ይህ ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ አስቢው። ቃሉ ለዝምድናም ይነገራል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ዘመዶቻቸው ሲናገሩ “ዝምድናቸውን በእርጥበቱ አርሰዋለሁ” ያሉበት ሐዲስ አለ። የተጠቀሙበት ቃል ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ዝምድና ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ይለመልማል እንደማለት ነው።

አሁን ወደ አማትሽ። እሳቸው ከባዶ ተነስተው አልተናገሩም። ስሙ የታወቀበት የነቢዩ ባልደረባ ቢላል ቢን ረባሕ መካ ውስጥ ባሪያ ነበር። እናቱ ሐማማ ሐበሻ ነበረች፤ ስሟ በዓረብኛ ርግብ ማለት ነው። የአባቱ ስም ረባሕ ትርፍ ማለት ነው። “ረባሕ” በዚያ ዘመን ለባሪያ የሚወጣ ስም እንደነበር ከሐዲስ እንረዳለን። ነቢዩ ባሪያዎቻችሁን ረባሕ፣ የሳር፣ አፍለሕ፣ ናፊዕ አትበሏቸው ብለዋል። “ረባሕ አለ?” ተብሎ ተጠይቆ “የለም” ከተባለ፣ ትርፍ የለም እንደማለት ይሆናላ። ቢላል ግን ከእነዚህ ውስጥ አልተጠቀሰም።

ደግሞ ታሪኩ ባርነት ላይ አላበቃም። ጌታው ኡመያ ቢን ኸለፍ እምነቱን እንዲተው በጠራራ ፀሐይ አሸዋ ላይ አስተኝቶ ደረቱ ላይ ድንጋይ ያስጭንበት ነበር። የቢላል መልስ አንዲት ቃል ናት፦ “አሐድ፣ አሐድ”። አንድ፣ አንድ ማለት ነው። የግዕዙን “አሐዱ” ለሚያውቅ ሰው ይህን ቃል ማንም ሊተረጉምለት አያስፈልግም። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል። በኋላ የነቢዩ የቅርብ ወዳጅ አቡበከር ገዝተው ነጻ አወጡት። መዲና ላይ የመጀመሪያው ሙአዚን፣ ማለትም አዛን (የሶላት ጥሪ) የሚያደርግ ሰው፣ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ630 መካ በሙስሊሞች እጅ ስትገባ ካዕባ ላይ ወጥቶ አዛን ያደረገው እሱ ነው። ባሪያ ሆኖ በተሰቃየባት ከተማ!

ለአማትሽ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ብትነግሪያቸው ይበቃል። ኸሊፋው ኡመር “አቡበከር ጌታችን ነው፤ ጌታችንንም ነጻ አውጥቷል” ይሉ ነበር። ሁለተኛው “ጌታችን” ቢላል ነው። ኡመር መካን ይመራ ከነበረው ከቁረይሽ ጎሳ የተወለዱ ሰው ናቸው። እሳቸው ጌታችን ያሉትን ሰው ስም የባሪያ ስም ብሎ መናቅ ይከብዳል።

ስሙ አርጅቷል ወይ ላልሽው፣ በጭራሽ። ከሞሮኮ እስከ ፓኪስታን፣ ቱርክንም ጨምሮ፣ ቢላል ይሰማል። ቱኒዚያና አልጄሪያ ውስጥ “ቢሌል” የሚሉትም አሉ። የፈረንሳዩ ኳስ ተጫዋች ፍራንክ ሪቤሪ ሲሰልም የወሰደው ስም ቢላል ነው። የማሊ ጥንታዊ ነገሥታት የኬይታ ቤተሰብ የዘር ሐረጉን ከቢላል ይቆጥራል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ አንድ የጥቁር ሙስሊሞች ጋዜጣ በስሙ ተጠርቶ ነበር፤ አንባቢዎቹም ራሳቸውን “ቢላላውያን” ይሉ ነበር። ከሁሉም የሚገርመኝ የማላይ ቋንቋ ነው። እዚያ “ቢላል” የሙአዚን መጠሪያ ሆኗል። አዛን የሚያደርግ ሰው ሁሉ፣ የራሱ ስም ምንም ይሁን ምን፣ ቢላል ይባላል።

ኢንተርኔት ላይ “በቆሎ ማለት ነው” የሚል ካጋጠመሽ አትደንግጪ። ያ የፋርስኛ ቃል ነው። አጻጻፉ አንድ ሆኖ ንባቡ ይለያል። ከ“ሂላል” ጋርም አታምታቺው፤ ሂላል አዲስ ጨረቃ ነው።

ልደቱን ስታስመዘግቢ “ቢላል” ብለሽ ጻፊው፤ የተለመደው እንዲህ ነው። በዓረብኛው አነባበብ ግን “ቢ” አጭር ናት፣ ረጅሟ “ላ” ነች። አማትሽ ልጁን መጀመሪያ ሲጠሩት ያቺን “ላ” ረዘም እንዲያደርጓት ንገሪያቸው።