ለመምህራን ጥያቄ ምላሽ፦ ድርቅን፣ በልግንና የአየር ንብረት ለውጥን ለተማሪ ማስረዳት

ጥያቄ፦ የ9ኛ ክፍል የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሳስተምር አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ሰባ ሰባትም የመጣው በዚህ ምክንያት ነው? አባቴ ደኑን የጨረስነው እኛው ነን ይላል፤ እናቴ ደግሞ የፈጣሪ ቁጣ ነው ትላለች» አለችኝ። ምን ብዬ ብመልስላት ትክክል ይሆናል? (ከተሁለደሬ)

መልስ፦ የተከበሩ መምህርት፣ ተማሪዎ በአንድ ትንፋሽ ያቀረበችልዎ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን ነው፤ ትምህርቱ ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም ሦስቱን በአንድ ቃል ለመመለስ ስንሞክር ነው።

ከሰባ ሰባት እንጀምር። «አዎ፣ የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ቢሆንም ትክክል አይደለም። የ1966ቱንም ሆነ የ1977ቱን እልቂት ያስከተለው የዝናብ መቅረት ብቻ አልነበረም፤ በመጀመሪያው መንግሥት ረሃቡን ሸሽጎ ማቆየቱ፣ በሁለተኛው ደግሞ ጦርነቱና የዘመኑ ፖሊሲ ድርቁን ወደ ረሃብ ለውጠውታል። ለማነጻጸር የ2007 ዓ.ም. ክረምትን ያንሱላቸው። ያን ጊዜ ዝናቡ የቀነሰው በዋነኛነት ኤል ኒኖ በሚባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ ሙቀት መጨመር ሳቢያ ሲሆን፣ በተከተለው ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ አስፈልጎታል፤ ሆኖም ሴፍቲኔትና ሌላው እርዳታ ስለነበረ እንደ ሰባ ሰባቱ ያለ እልቂት አልደረሰም። ድርቅ የተፈጥሮ ክስተት ሊሆን እንደሚችል፣ ረሃብ ግን የሰው እጅ እንዳለበት ከዚህ ይረዱታል።

የአባትየውን ንግግር በተመለከተ ሁለት ሒሳቦችን እንዳያቀላቅሉባቸው አደራ እላለሁ። ደን ሲመነጠር አፈር ይታጠባል፣ ምንጭ ይደርቃል፣ ጎርፍ ይበረታል፤ ይህ በየተራራችን ላይ የሚታይ እውነተኛ ጉዳት ስለሆነ እርከንና ችግኝ ያስፈልገዋል። የዓለምን ሙቀት ያሳደገው ግን በዋነኛነት በበለጸጉት አገሮች ፋብሪካና ተሽከርካሪ ሲነድ የኖረው የድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅ ዘይትና ጋዝ ነው። ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት በአየር ውስጥ ከሚሊዮን እጅ 280 እጅ ገደማ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዛሬ ከ420 አልፏል፤ በዚህ ጭማሪ ውስጥ የኢትዮጵያ ድርሻ እጅግ ትንሽ ነው። የወሎ ልጅ የአገሩ ስም ከረሃብ ጋር ተያይዞ ሲነሳ እየሰማ ነው ያደገው፤ በዚያ ላይ አያቶቹ በለቀሙት ማገዶ የምድርን ሙቀት እንዳመጡ አድርጎ ማስተማር ግፍ ነው።

ታዲያ ለውጡ እኛ ዘንድ እንዴት እንደሚታይ ለማሳየት ከደሴ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ ይበቃል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀት 6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ በመካከሉ ያለውን የሐረጎ ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ የገባ ሰው ጋቢውን የሚያወልቅበት ምክንያት በቁጥር ይገኛል፤ ወደ 4 ዲግሪ ልዩነት ነው። አሁን ተማሪዎቹ ራሳቸው ያስሉት፦ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ቢጨምር የቆላ፣ የወይና ደጋና የደጋ ወሰን ከ150 ሜትር በላይ ሽቅብ ይገፋል። የወባ ትንኝ ወደማታውቀው ቀበሌ ትወጣለች፤ ማሽላው ቀድሞ ወደማይበቅልበት ይደርሳል፤ የገብስ መሬት ግን ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል፤ ምክንያቱም ተራራው ጫፍ አለው። ይህን ስሌት ከየትኛውም የውጭ ምሳሌ አስበልጣለሁ፤ ልጆቹ ወሰኑን በእግራቸው ያውቁታልና።

በእናትየዋ ጉዳይ ላይ ልጅቱን ከቤቷ አያጋጯት። ወሎ ውስጥ ዝናብ ሲቀር እስላሙ ዱዓ ያደርጋል፣ ክርስቲያኑ ምህላ ይቆማል፤ አንዱም ለሌላው አሜን ይላል። ሳይንስ የሚመልሰው ሙቀቱ በምን መንገድ እንደጨመረ እንጂ ፈጣሪ ምን እንዳሰበ አይደለም። «እናትሽ የምትጸልይለትን ዝናብ እኛ እዚህ እንለካዋለን» ቢሏት፣ እናቷንም ሳታፍርባት ትምህርቷን ትቀጥላለች።

ጥያቄ፦ ተማሪዎቼ በልጉ እየከዳን ነው ይላሉ። እኔ ግን የምሥራቅ አፍሪካ ዝናብ ወደፊት እንደሚጨምር አንብቤአለሁ። የትኛውን ላስተምር? መለኪያ መሣሪያም የለንም። (ከደላንታ)

መልስ፦ ሁለቱንም ያስተምሩ፤ የተመራማሪዎቹም ክርክር ይኸው ነው። ባለፉት አሥርት ዓመታት የምሥራቅ አፍሪካ የበልግ ወራት ዝናብ በብዙ ቦታ ሲቀንስ ታይቷል፤ አብዛኞቹ የኮምፒውተር ትንበያዎች ደግሞ ወደፊት ይጨምራል ይላሉ። ልዩነቱ ለምን እንደተፈጠረ ሳይንቲስቶች ገና እየመረመሩት መሆኑን በግልጽ መንገር ትምህርቱን አያዳክመውም። አንድ ነገር ግን ያክሉላቸው፦ አየር በ1 ዲግሪ ሲሞቅ 7 ከመቶ ገደማ ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ስለሚችል፣ ዝናቡ ሲወርድ በአንድ ጊዜ በኃይል ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ የዓመቱ ጠቅላላ መጠን ሳይቀንስም በልጉ ዘግይቶ ገብቶ፣ በጥቂት ቀን ዶፍ አፈሩን ጠርጎ ሊሄድ ይችላል። ገበሬውን የሚጎዳው ይኸኛው ነው።

መሣሪያውን በተመለከተ አንድ ባለሁለት ሊትር ሃይላንድ ይበቃችኋል። ጎኑ ቀጥ ያለውን መርጣችሁ አናቱን ቁረጡና ገልብጣችሁ እንደ ማጥለያ ክተቱት፤ ወጣ ገባ የሆነውን ታችኛውን ክፍል በጠጠርና በውኃ ሙሉና ውኃው የደረሰበትን ዜሮ በሉት፤ ከዚያ በላይ ማስመሪያ ለጥፉ። ከዛፍና ከጣሪያ አርቃችሁ ሜዳ ላይ፣ ነፋስ እንዳይጥለው በድንጋይ ደግፋችሁ አቁሙት። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሊትር ውኃ ነው፤ ተማሪው የአባቱን ማሳ ስፋት ካወቀ የቀረውን ያሰላዋል።

የአየር ንብረት በ30 ዓመት አማካይ ስለሚታይ የአንድ ዓመት ልኬት ለውጡን አያረጋግጥም፤ ይህን አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ደብተሩም ለተከታዩ ክፍል ይተላለፍ። በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ተረኛው ተማሪ አንብቦ ይመዝግብ፣ ከዚያም ውኃውን እስከ ዜሮው መስመር ያስተካክለው። ዝናብ ባልጣለበት ቀን 0 ይጻፍ፤ ሳይለካ ለቀረ ቀን ግን «አልተለካም» ይባል እንጂ 0 አይጻፍ፤ ሁለቱ ከተምታቱ የከርሞው ክፍል ድርቅ ያልነበረበትን ወር ድርቅ ብሎ ያነበዋል።