አሮጌ የአደን ጠመንጃ ልግዛ ወይ ላልከው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የምትኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው፤ በመጪው ጥቅምት ለመጀመሪያ ጊዜ አጋዘን አደን ልትወጣ አስበሃል፤ ጎረቤትህ የሆኑ አዛውንት ደግሞ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ የገዙትን ሬሚንግተን 700 ጠመንጃ፣ ጥይቱ ተርቲ-ኦ-ሲክስ የሚባለው፣ ከነማነጣጠሪያ መነጽሩና ከሦስት ፓኮ ጥይት ጋር በ450 ዶላር ሊለቁልህ ነው። «ጠመንጃው በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ልግዛው ወይስ አዲስ ልፈልግ?» ነው ያልከው።

ግዛው፤ ቃታውን ግን አስቀይር። ዕድሜው አያስፈራህ፣ ቃታው ያስፈራህ። ነገሩ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሠኝ።

እኔ ጎጃም ነው ያደግኩት። አባቴ ቤልጅግ ነበረው። ማታ ቦልቱን፣ ማለትም እየተሳበ ጥይት የሚያጎርሰውንና የሚቆልፈውን ብረት፣ አውጥቶ በዘይት በራሰ ጨርቅ ሲወለውል ኩራዙን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ዴንቨር መጥቼ ዓመታት ካለፉ በኋላ አንድ ፖውን ሾፕ፣ ዕቃ በመያዣ የሚያበድር ሱቅ፣ ገብቼ መደርደሪያው ጥግ ላይ አቧራ የጠጣ ጠመንጃ አየሁ፤ ጄ ሲ ሂጊንስ ሞዴል 50 ይላል። ሻጩ አውርዶ ሰጠኝ፣ ባዶ መሆኑን አረጋገጥኩና ቦልቱን ከፍቼ ዘጋሁት። ድምፁን አወቅኩት። የአባቴ ጠመንጃ ድምፅ ነው! ቤቴ ገብቼ ሳጣራ ለካ ሲርስ የሚባለው መደብር በ1950ዎቹ ይሸጠው የነበረ የአደን ጠመንጃ ነው፤ አክሽኑ፣ ማለትም ቦልቱ የሚሠራበት የብረት አካሉ፣ ግን ቤልጅየም፣ ሊዬዥ አጠገብ ኤርስታል ካለው ኤፍኤን ፋብሪካ የመጣ ማውዘር ነው። አባቴ ቤልጅግ የሚለውም የዚያው ፋብሪካ ልጅ ነው። በማግስቱ ተመልሼ ገዛሁት። እስከ ዛሬ የማድነው በእሱ ነው።

ይህን የምነግርህ የቦልት ጠመንጃ በዕድሜ ብዛት እንደማይሞት እንድታውቅ ነው። ቦልቱ ፊት ለፊት ባሉት ሁለት የብረት ጆሮዎች በርሜሉ ሥር ገብቶ ይቆለፋል፤ ማውዘር በ1898 በሠራው ጠመንጃ ያየነው ይኸው አቆላለፍ በ1962 በወጣው ሬሚንግተን 700ም አለ። የሚገድለው ዝገት ነው፣ ያለ ቦታው የገባ ካቻቪቴ ነው፣ ቃታ አለሰልሳለሁ ብሎ የነካካው ባለቤት ነው።

እንግዲህ ወደ ቃታው። የዚያ ዘመን ሬሚንግተን 700 ሳይነካ ይተኩሳል ተብሎ ለዓመታት ተከሷል። ኩባንያው ጥፋቱን ባይቀበልም በፍርድ ቤት ስምምነት ቃታውን በነፃ ሲቀይር ቆይቶ የማመልከቻው ጊዜ 2020 ላይ አለቀ። በ2014 ኩባንያው ለጥገና መልሱልኝ ብሎ የጠራው ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱ ከ2006 እስከ 2014 የተሠሩትን ይመለከታል፣ ያንተን አይነካም። ስለዚህ ያንተን ከኪስህ ታስቀይራለህ። ቲምኒ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራውን የመሰለ ቃታ ጠመንጃ ጠጋኝ ዘንድ ወስደህ አስገባ፤ ወጪውንም ለሽማግሌው በግልጽ ንገራቸውና ከዋጋው ላይ ይቀንሱልህ። አያፍሩም፣ አትፈር።

ሌላም አለ። ከ1982 በፊት የተሠሩት ላይ ሴፍቲው፣ ማለትም ጠመንጃው እንዳይተኩስ የሚይዘው ቁልፍ፣ ሲቆለፍ ቦልቱም አብሮ ይቆለፋል። ጥይቱን ለማውጣት ስትፈልግ ሴፍቲውን ወደ መተኮሻው መግፋት ግድ ይሆንብሃል ማለት ነው። አደጋው ያለው እዚህ ጋ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በረዶ ላይ ቆመህ፣ ጣትህ ደንዝዞ፣ መኪናው አጠገብ ጥይት ስታወጣ። ቃታው ተቀየረም አልተቀየረ የበርሜሉ አፍ መሬት ወይም ሰው የሌለበትን ባዶ አቅጣጫ ሳያይ ሴፍቲውን አትንካ። ይህን አንዴ ብቻ ብናገር አይበቃኝም።

ቃታውን ሽማግሌው ቤት ሳለህ እንዲህ ፈትነው። ባዶ መሆኑን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። አቀባብለው፣ ሴፍቲውን ቆልፍ፣ ቃታውን ጠንከር አድርገህ ሳብና ልቀቅ። ከዚያ ጣትህን ከቃታው አርቀህ ሴፍቲውን ክፈት። «ቀጭ» ካለ መርፌው ወርዷል፤ ጥይት ቢኖርበት ኖሮ ተኩሷል ማለት ነው። እንደገና አቀባብልና ሰደፉን ምንጣፍ ላይ መታ መታ አድርገው፤ ቦልቱንም ኃይል ጨምረህ ዝጋው። በየትኛውም ጊዜ «ቀጭ» ካለ ቃታው ሳይቀየር አንዲት ጥይት እንዳታጎርሰው። ደግሞ ፈተናውን አለፈ ማለት ቃታው ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ለዚህ ነው በማንኛውም ሁኔታ አስቀይር ያልኩህ።

ቀጥሎ በርሜሉ። ከቃታው ፊት ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጫንና ቦልቱን ወደ ኋላ ስበህ አውጣው። በርሜሉን ወደ መስኮት አዙረህ ከኋላ በኩል ተመልከት። ጥምዝ መስመሮቹ እስከ አፉ ድረስ ጥርት ብለው መታየት አለባቸው። ጨለም ካለ አትደንግጥ፣ ቆሻሻ ሊሆን ይችላል፤ ጨርቅና መወልወያ ዘንግ ይዘህ ሂድ፣ ወልውለህ እንደገና እይ። ከተወለወለም በኋላ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ የተቦረቦረ ከሆነ ዝገት በልቶታል፤ ተወው። የበርሜሉን አፍ ጠርዝ በጥፍርህ ዳብሰው፤ ጥፍርህን የሚይዝ ጭረት ካለ ጥይቱ ሲወጣ አቅጣጫውን ያስታል። ይሄኛው ግን ይጠገናል፣ ብዙም አያስወጣም።

ከዚያ እንጨቱን። ስንጥቅ የሚጀምረው አንገቱ ላይ፣ ከአክሽኑ ጭራ ኋላ ነው። ከፈቀዱልህ ከሥር ያሉትን ብሎኖች ፈትተህ ብረቱን ከእንጨቱ አውጣ። ላዩ እንደ መስታወት የሚያበራ ጠመንጃ እንጨቱ ሥር በዝገት ተበልቶ አይቻለሁ፤ ዝናብ መትቶት ሳይፈታ የተቀመጠ ነው። በመጨረሻ ጠጋኙ ቃታውን ሲቀይር ቦልቱ ተዘግቶ ቀለህ የሚቀመጥበትን ክፍተት በመለኪያ እንዲለካልህ ጠይቀው። ክፍተቱ ከሰፋ ቀለሁ ውስጥ ውስጡን ይሰነጠቃል፣ ትኩስ ጋዙም ወደ ፊትህ ሊመጣ ይችላል።

ወረቀቱን በአጭሩ። ኮሎራዶ ውስጥ ከ2013 ጀምሮ ከጎረቤትም ብትገዛ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ዘንድ ሄዳችሁ የኋላ ታሪክ ማጣሪያ ታልፋለህ፤ ከ2023 ጥቅምት ወዲህ ደግሞ ቢያንስ ሦስት ቀን ትጠብቃለህ። እዚያ የሚሰጡህን 4473 የሚባለውን የግዢ ቅጽ በጥንቃቄ ሙላ። ግሪን ካርድ ካለህ ትችላለህ። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን በመርህ ደረጃ ተከልክሏል፤ ልዩ ሁኔታዎች አሉ፣ ግን ያለ ጠበቃ አይሞከርም፣ የኢሚግሬሽን ፋይል ያበላሻል። ማሪዋና የሚጠቀም ሰውም ኮሎራዶ ብትፈቅድም በፌዴራል ሕግ መግዛት አይችልም። ለአደን ፈቃዱ የአዳኞች ትምህርት ሰርተፊኬት ያስፈልግሃል፤ በፈረንጆቹ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ወዲህ ለተወለደ ሁሉ ግዴታ ነው፣ ከአሁኑ ተመዝገብ። ልጆች ካሉህ መቆለፊያ ሳጥኑን ከጠመንጃው በፊት ግዛ።

አሁን ተኩሱ። ሽማግሌው የሰጡህን ጥይት ለኢላማ አትጠቀምበት፤ ስንት ዓመት የት እንደተቀመጠ አይታወቅም፣ ሦስቱ ፓኮ አንድ ዓይነት መሆኑም አጠራጣሪ ነው። አዲስ፣ ባለ 165 ወይም ባለ 180 ግሬን (የአረሩ ክብደት መለኪያ ነው)፣ የአንድ ፋብሪካ ሁለት ፓኮ ገዝተህ በእሱ ጽና። የጆሮና የዓይን መከላከያ አድርግ። የመጀመሪያዋን ከተኮስክ በኋላ ቀለሁን አንስተህ ወደ ብርሃን አድርገህ እየው። ከታች፣ ከመቀመጫው ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚያበራ ቀለበት ካየህ አቁም፤ ያ የሰፋ ክፍተት ምልክት ነው።

መነጽሩን ለማስተካከል በ25 ያርድ ጀምር። ቦልቱን አውጥተህ ጠመንጃውን አሸዋ ከረጢት ላይ አስቀምጥና በባዶው በርሜል ውስጥ ኢላማውን መሐል አግባ፤ ጠመንጃውን ሳታንቀሳቅስ የመነጽሩን መስቀል ወደዚያው አምጣ። ብዙ ጥይት ያተርፍልሃል። ከዚያ ወደ 100 ያርድ ሂድ። የብዙ መነጽር አንድ «ክሊክ» በ100 ያርድ ሩብ ኢንች ነው፤ አንድ ኢንች ለማንቀሳቀስ አራት ክሊክ። ሦስት ሦስት ጥይት ተኩስና የሦስቱን መሐል አይተህ አስተካክል፤ አንዷን ብቻ አይተህ አትዙር። በመካከል በርሜሉን አብርደው። በ100 ያርድ ሁለት ኢንች ያህል ከፍ ብሎ እንዲመታ ካደረግከው ተርቲ-ኦ-ሲክስ 200 ያርድ ላይ መሐሉን ያገኛል።

ጥይትህ ከተበታተነ በርሜሉ አልቋል ብለህ አትቸኩል። የእኔ ሂጊንስ መጀመሪያ በ100 ያርድ ስድስት ኢንች ይበትን ነበር። ወደ አንድ ሱቅ ወሰድኩት፤ «በርሜሉ ሞቷል፣ አዲስ ጠመንጃ ግዛ» አሉኝ። ልቤ እምቢ ብሎኝ አራት ዓይነት ጥይት ሞከርኩ፣ አልተሻለውም። አንድ ማታ አንድ ዶላር አጥፌ በርሜሉና በእንጨቱ መካከል ከጫፍ ጀምሬ ወደ ኋላ ሳብኩት፤ መሐል ሲደርስ በግራ በኩል ቀጥ አለ። እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ አብጦ በርሜሉን እየገፋው ነበር። ክብ እንጨት ላይ ብርጭቆ ወረቀት ጠቅልዬ ያችን ቦታ ብቻ በጥንቃቄ ፈገፈግኳት፣ ዘይት ቀባኋት፣ የመነጽሩንም ብሎኖች አጠበቅኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስቱ ጥይቶች ከሁለት ኢንች በታች ገቡ። በርሜሉ አልሞተም ነበር። አንተ ግን እንዲሁ እንዳትፈገፍግ፤ የሬሚንግተን 700 የእንጨት ሰደፍ ጫፉ ላይ በርሜሉን ሆን ብሎ ደገፍ እንዲያደርግ ሆኖ ነው ከፋብሪካ የሚወጣው። መጀመሪያ ብሎኖቹን፣ ከዚያ መነጽሩን፣ ከዚያ ጥይቱን መርምር፤ እንጨቱን የመጨረሻ አድርገው።

ተርቲ-ኦ-ሲክስ ሲተኮስ ትከሻን ይረግጣል። ሰደፉን ትከሻህ ላይ አጥብቀህ አስደግፍ፤ ዓይንህን ወደ መነጽሩ አታስጠጋ፣ ከሦስት ኢንች በላይ ይራቅ። ወዳጄ ተጠግቶ ተኩሶ ቅንድቡ ላይ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ጠባሳ አለው። በአንድ ቀን ከሃያ ጥይት በላይ አትተኩስ፤ ከደከምክ ከመተኮስህ በፊት መደንገጥ ትለምዳለህ፣ ያ ልማድ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም።

መነጽሩ ከተስተካከለ በኋላ ጠረጴዛውን ተወው። ተንበርክከህና ተቀምጠህ የወረቀት ሳህን ላይ ተኩስ። አምስቱንም ሳህኑ ውስጥ የምታገባበት ርቀት የአደን ርቀትህ ነው፤ 120 ያርድ ከሆነ 120 ነው፣ እንስሳው 200 ላይ ቆሞ ቢያይህም አትተኩስ። ቆስሎ አምልጦ ጫካ ውስጥ ሌሊቱን ሲያቃስት የሚያድር እንስሳ የእኛ ዕዳ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ጥሬ ሥጋ ወዳጆች ነንና። ኮሎራዶ አጋዘኖች ውስጥ የአንጎል በሽታ አለ። ያደንከውን አስመርምር፣ ውጤቱ ነጻ ቢሆንም በደንብ አብስለህ ብላ፤ ከአጋዘን ክትፎ አይሠራም።

ቅዳሜ ጠዋት ቼሪ ክሪክ ስቴት ፓርክ ውስጥ ያለው ተኩስ ሜዳ ነኝ። ገንዘቡን ከመክፈልህ በፊት ከፈለግክ በመመለሴ ሽማግሌው ቤት አብሬህ እሄዳለሁ፤ መወልወያ ዘንጉንና ካቻቪቴውን እኔ ይዣለሁ፣ አንተ የእጅ ባትሪ አትርሳ።