«ላይት» አንድ ቃል ነው ወይስ ሁለት? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ስለ እንግሊዝኛ ቃላት ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ በ«ላይት» ዙሪያ የሚሽከረከሩ ሆነው ስላገኘኋቸው አንድ ላይ ላንሳቸው።

«ላይት ብርሃን ነው ብዬ አስተምራለሁ። በማግስቱ ደግሞ ሻንጣው ላይት ነው፣ አይከብድም እላለሁ። ተማሪዎቼ ብርሃንና ቅለት ምን አገናኛቸው ሲሉኝ መልስ አጣሁ።» (የአራተኛ ክፍል መምህርት)

መምህርት፣ ምንም አላገናኛቸውም። ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ በጊዜ ብዛት መልካቸው ተመሳሰለ እንጂ ዘር አይገናኙም። የብርሃኑ «ላይት» ከላቲኑ «ሉክስ» ጋር ይዛመዳል፤ ነጭ ማለት ከሆነው ከግሪኩ «ሌውኮስ» ጋርም እንዲሁ። የደም ካንሰሩ «ሉኪሚያ» ስሙን ያገኘው ከዚሁ የግሪክ ቃል ነው፤ «ነጭ ደም» እንደ ማለት። የማይከብደው «ላይት» ዘመዱ ሌላ ነው፤ የላቲኑ «ሌዊስ»፣ ማለትም ቀላል። ጀርመንኛ ሁለቱን ዛሬም ለይቶ ይጠራቸዋል፤ ብርሃኑ «ሊኽት»፣ ቀላሉ «ላይኽት» ነው።

ለልጆቹ በራሳቸው ቋንቋ ቢያሳዩአቸው ቶሎ ይገባቸዋል። ሰሌዳው ላይ «አለ» ብለው ይጻፉ። ላላ አድርገን ስናነበው «ተናገረ» ነው፤ አጥብቀን ስናነበው «ይገኛል» ነው። የመጀመሪያው ከግዕዙ «ብህለ» የመጣ ነው፤ «ብሎ» እና «በል» ስንል ያቺ «በ» ብቅ ትላለች። ሁለተኛው ከ«ሀሎ» ነው። አጻጻፋቸው አንድ ነው፣ ሥራቸው ግን ለየብቻ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በጣም ስለምወደው። ሳንባ በእንግሊዝኛ «ላንግ» የተባለው ከዚሁ ከቅለት ሥር ነው። አየር የሞላው ስለሆነ ከሌላው የሆድ ዕቃ ይቀላል፤ ውኃ ላይ ቢጥሉት ይንሳፈፋል። የእንግሊዝ ሥጋ ሻጮችም የከብትና የበግ ሳንባን «ላይትስ» ሲሉት ኖረዋል።

«የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ለምን ቀላል ተባለ? ሐዲዱ ስስ ስለሆነ ነው?»

አይደለም። ስሙ «ላይት ሬል» ከሚለው የተተረጎመ ነው፤ ያም ሁለተኛው «ላይት» ነው። ከትላልቆቹ የከተማ ባቡሮች አንጻር የሚጭነው ሰው አነስ ይላል፤ ቅለቱ እሱ ነው። ስሙን አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1972 አወጡት። የኛው ሥራ የጀመረው መስከረም 2008 ዓ.ም. ነው።

«ጂ እና ኤች ካልተነበቡ ለምን ይጻፋሉ? ልጄ ስፔሊንግ ላይ ሁሌ ትስታለች።» (አንድ አባት)

ወንድሜ፣ ልጅህን አትቆጣት። እነዚህ ፊደላት ድሮ ይነበቡ ነበር። የጥንቱ እንግሊዝኛ ቃል መሐሉ ላይ ከጉሮሮ የሚወጣ «ኽ» ነበረው። ጸሐፊዎች ያንን ድምፅ በጂ እና በኤች መጻፍ ለመዱ። ቆየት ብሎ ድምፁ ከሰው አፍ ጠፋ፤ ፊደሉ ግን ወረቀት ላይ ቀረ።

እኛስ ሀ፣ ሐ እና ኀ አሉን አይደል? በግዕዝ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። በአማርኛ ሁሉንም አንድ አድርገን እናነባቸዋለን፤ ስንጽፍ ግን «ሐኪም» እና «ኀይል» እንላለን። ትግርኛ ተናጋሪ «ሐ»ን ዛሬም ለይቶ ይጠራዋል፤ ልክ ጀርመኖች «ኽ»ን እንደጠበቁት። ይህን ንገራት። «ናይት»፣ «ፋይት»፣ «ራይት» ሁሉም ያው ታሪክ ነው ያላቸው። ምክንያቱ የገባት ልጅ በሽምደዳ ብቻ አትደክምም።

ከ«ዲላይት» ግን ተጠንቀቁ። እሱ የመጣው ከፈረንሳይኛ ነው፤ ድሮ ጂም ኤችም አልነበሩበትም። በ16ኛው መቶ ዘመን ከ«ላይት» ጋር ስለተመሳሰለባቸው ጨመሩበት። በስህተት የገባ ፊደል ነው፣ ግን ዛሬ ትክክሉ እሱ ሆኗል።

«ድንቅነሽ ሉሲ መባሏ ከብርሃን ጋር ይገናኛል የሚባለው እውነት ነው?»

በስሙ በኩል አዎ። «ሉሲ» ከሮማውያኑ «ሉክያ» የወረደ የሴት ስም ነው፤ ሥሩም «ሉክስ»፣ ብርሃን ነው። ተመራማሪዎቹ ግን ይህን አስበው አልነበረም። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ያገኟት ጊዜ ካምፓቸው ውስጥ ይሰሙት ከነበረ የቢትልስ ዘፈን ነው ስሙን የወሰዱት። ደግሞም «ላይት» ከ«ሉክስ» ተወለደ አትበሉ። የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው እንጂ እናትና ልጅ አይደሉም። ለእኔ ግን ድንቅነሽ ይበልጥባታል።

«ጓደኞቼ ፓርቲው ሊት ነበር ይላሉ። ምን ማለት ነው?»

«ሊት» የ«ላይት» ኃላፊ ጊዜ ነው፤ አበራ፣ ለኮሰ። «ላይትድ» ማለትም ይቻላል። ከመቶ ዓመት በፊት በአሜሪካ አራዳ ቋንቋ የሰከረ ሰው «ሊት» ይባል ነበር፤ አሁን ጨዋታው የሞቀ ቦታ ሆኗል። አንተም «ቤቱ ደመቀ» ብትል ያው ነው። ቀለም ይደምቃል፣ ሠርግም ይደምቃል።